ሥዕሉ ግድግዳውን ያውቀዋልን?

በሰሙነ ሕማማት ከቦሌ መድኃኔ ዓለም ካቴድራል አጠገብ ሥዕል ዘርግተው ከሚሸጡ ወጣቶች ዘንድ ቆመን ነበር። ሁለት የትንሣኤ ሥዕሎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በአንደኛው ጌታችን ነጭ ሰንደቅ ይዞ ከመቃብር ሲወጣ ጭፍሮች በግንባራቸው ወድቀዋል፤ ጥላውም ሆነ የልብሱ እጥፋት ፎቶግራፍ ይመስላል። በሁለተኛው ጌታችን መካከል ላይ ቆሞ አዳምንና ሔዋንን በግራና በቀኝ እጃቸውን ይዞ ከሲኦል ያወጣቸዋል፤ ዲያብሎስ ከእግሩ ሥር ታስሯል። አንዲት እናት ሁለቱን አገላብጠው ካዩ በኋላ የፊተኛውን መረጡ። የኋለኛውን ሠዓሊ ሰው መሳል ያልቻለ መስሏቸው ነበር።

ይህ አስተያየት የእርሳቸው ብቻ ስላልሆነ ዝም ብለን ልናልፈው አልወደድንም። አካልን ማስመሰል አንድ ሙያ ነው፤ ማቀናበር ግን ሌላ ነው። ቅንብር ማለት የተመልካቹ ዓይን ከየት ተነሥቶ በየት በኩል አልፎ ምን ላይ እንደሚያርፍ አስቀድሞ መወሰን ነው። ያ የተናቀው ሥዕል በዚህ ሚዛን ሲታይ ጉድለት አይገኝበትም። ጌታችን ከሁሉ ገዝፎ መካከሉን ይዟል፤ ግዝፈቱ የክብር መለኪያ እንጂ የርቀት መለኪያ አይደለም። አዳምና ሔዋን በሁለቱ ወገን ሚዛኑን ይጠብቃሉ። የተዘረጉት እጆች ዓይንን ከታች ወደ ላይ ይስባሉ፤ ይኸውም ራሱ የበዓሉ ትርጉም ነው። ከሩቅ የቆመ፣ ፊደል ያልቆጠረም ቢሆን፣ ያነበዋል።

አባቶቻችን ሠዓልያን ለዓይን ጭምር ሥርዓት ነበራቸው። ጻድቃን ፊታቸውን ወደ እኛ መልሰው በሁለት ዓይን ሲያዩን፣ ይሁዳና ሌሎች ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሳላሉ። ልጅ ሆነን በቅዳሴ መካከል ክፉውን ከደጉ የምንለየው በዚህ ነበር፤ (ባለ አንድ ዓይኑን በጣታችን ስንጠቁም ተቆጥተውን ያውቃሉ)።

ክብ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ አለው። ሥዕሉ በአብዛኛው የሚገኘው መካከል ባለው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው፤ ምእመኑም እየዞረ ያየዋል። በበሮቹ ግራና ቀኝ መላእክት ሰይፍ መዝዘው ይቆማሉ፤ ፈረሰኞቹ ሰማዕታት የየራሳቸው ስፍራ አላቸው። ቅንብሩ የተሠራው ለሚራመድ ሰው ነው ማለት ነው። ዛሬ ከቦሌ እስከ ገርጂ፣ ከሲኤምሲ እስከ አያት ከሚታነጹት አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ ግን ሰፊ አዳራሽ ያላቸው ናቸው። ምእመኑ ከሩቅ፣ ወደ ምሥራቅ ፊቱን መልሶ ይቆማል። ግድግዳው ተለውጧል፤ ሥዕሉ ግን ይህን የሰማ አይመስልም። ስሙን ከማንጠቅሰው አንድ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ገብተን ያየነውም ይህንኑ ነው። መጽሐፍ ውስጥ ለማየት የተዘጋጀች ትንሽ የውጭ ሥዕል በኮምፒዩተር ተለጥጣ ታትማ ግድግዳ ሞልታለች፤ ከግድግዳው ልክ ጋር አልስማማ ስትል የዮሐንስ ትከሻ ተቆርጧል። ከስቅለቱ ግርጌ ሊኖር የሚገባው የአዳም ራስ ቅል ደግሞ በአምፖል ማብሪያ ተሸፍኗል።

የውጭ ነገር ሁሉ ይጣል ማለታችን አይደለም። የነገሥታቱ መማጸኛ የነበረውና በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰደው ኵርዓተ ርእሱ ራሱ ከአውሮፓ የመጣ ሥዕል ነበር። የእኛ ሠዓልያን ግን በተቀበሉት ብቻ አልቆሙም፤ ጥላውን አቅልለው፣ ዓይኑን አስፍተው፣ መስመሩን አጥርተው የራሳቸው አደረጉት። ለአዲስ ሕንፃ አዲስ ቅንብር መፍጠርም ይቻላል። አፈወርቅ ተክሌ በ1953 ዓ.ም. ለተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ሦስቱን ባለ ቀለም የመስተዋት ሥዕሎች የሠራው ለዚያ ስፍራና ከዚያ ለሚገባው ብርሃን ብሎ ነው። የአንድ አህጉርን ታሪክ በሦስት መስኮት የከፈለ ባለሙያ በተገኘበት ከተማ፣ የስቅለትን ሥዕል ከግድግዳ ጋር ማስማማት እንዴት ያቅታል?

የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴዎች የሚሰጡት መልስ የገንዘብ እጥረት ነው። እውነት አለበት፤ ኅትመት ርካሽ ነው፣ በሳምንትም ይደርሳል። ነገር ግን ለእብነ በረድ፣ ለድምፅ ማጉያና ለጉልላት ማስጌጫ ገንዘብ ሲሰበሰብ ተመልክተናል። ሠዓሊ የሚጠራው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ፣ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። መጠራት የነበረበት መስኮትና መብራት ሲነደፍ፣ ከመሐንዲሱ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

በሰሚት በኩል ግድግዳው ገና ነጭ የሆነ አንድ ቤተ ክርስቲያን እናውቃለን። የልስን ሠራተኞቹ መወጣጫ እንጨት እስካሁን አልፈረሰም። ከበዓሉ በኋላ ኮሚቴው እንደሚሰበሰብ ሰምተናል፤ ይህን ጽሑፍ ያነበበ የኮሚቴ አባል ካለ፣ እንጨቱ ከመነሣቱ በፊት አንድ ሠዓሊ ይዞ ወጥቶ ግድግዳውን ያሳየው።