የሐዘን ፈቃድ መንገዱንም ይቁጠር
ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 81፣ የትዳር ጓደኛው፣ ልጁ፣ ወላጁ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠር የሥጋም ሆነ የጋብቻ ዘመዱ ለሞተበት ሠራተኛ ሦስት የሥራ ቀን ከነደመወዙ ይፈቅዳል። ይህ ልክ የሚበቃው በሠፈሩ ቀብሮ፣ እድሩ በጣለው ድንኳን ተቀምጦ፣ ሣልስት አውጥቶ ለሚመለስ ሰው ነው። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ፋብሪካዎች የሚሠራው ግን ብዙው ከሩቅ የመጣ ነው። ሰበታ የጅማን፣ ቡራዩ የነቀምቴን፣ ሱሉልታ የጎጃምን መንገድ ይዘው የተቆረቆሩ ከተሞች ናቸው። ጅማም ነቀምቴም ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ፤ የገጠሩ ቀበሌ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ነው። መርዶ የደረሳት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ አንዱን ቀን በመሄድ፣ ሌላውን በመመለስ ከጨረሰች ለለቅሶው የሚተርፋት አንድ ቀን ብቻ ነው። መንገድ ከተዘጋ እሱም የለም።

አዋጁ ለከባድ ችግር እስከ አምስት ተከታታይ ቀን፣ በበጀት ዓመት ሁለት ጊዜ ፈቃድ እንደሚሰጥ አውቃለሁ። ነገር ግን ደመወዝ የለውም፤ ሐዘን ደግሞ ወጪ የሚበዛበት ጊዜ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 ለሐዘን፣ ለሠርግ፣ ለፈተናና ለመሳሰሉት በዓመት እስከ ሰባት ቀን ይፈቅድ ነበር። ለቢሮ ሠራተኛ የታሰበው ለፋብሪካ ሠራተኛ የማይታሰብበት ምክንያት አይታየኝም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አንቀጽ 27ም አለ፦ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን የቀረ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። በሕግ የታወቀ ፈቃድ ከዚህ ቁጥር ውጭ ነው፤ በአርባው ቀን የቀረችው ወይም ያሳደጋትን ባዕድ ልትቀብር የሄደችው ግን ከለላ የላትም።

አሠሪዎች «ሠራተኛው በዓመት አምስት አያት ይቀብራል» ሲሉ እንሰማለን። ቀልዱ ውስጥ እውነት አይጠፋም፤ መፍትሔው ግን ማስረጃ መጠየቅ እንጂ ቀን መንፈግ አይደለም። ሕጉ ማስረጃ ማቅረብን አስቀድሞም ይጠይቃል፤ ማን መቼ እንደሞተ ከእድር ወይም ከቀበሌ የበለጠ የሚያውቅም የለም። ምርት ይስተጓጎላል የሚለው ስጋት ይበልጥ ይከብዳል፤ አንድ ሰው ሲጎድል መስመሩ የሚዘገይበት ፋብሪካ አለ። ሆኖም እንቅልፍ አጥታ ወደ ማሽን የተመለሰች ሠራተኛ የምታበላሸው ምርት፣ ሲከፋም የምታጣው ጣት፣ ከሁለት ቀን ደመወዝ ይበልጣል። «ሕጉ ዝቅተኛውን ነው ያስቀመጠው፤ ቀሪው በኅብረት ስምምነት ይሞላ» ለሚሉም፣ ማኅበር በሌለበት ፋብሪካ ማን ከማን ጋር ይስማማል?

ስለዚህ ሚኒስቴሩ በመመሪያ በሚቻለው በመመሪያ፣ ያለዚያም በአዋጁ ማሻሻያ፣ የጉዞ ቀን ከሦስቱ ውጭ እንዲቆጠር፣ ፈቃዱ ለሰባቱ ወይም ለአርባው ተከፍሎ እንዲወሰድ፣ ፈረቃ መለዋወጥም መብት እንዲሆን ያድርግ። ከዝምድና ደረጃ ይልቅ ያሳደገ ሰው እንዲታወቅም እጠይቃለሁ። የጉዞውን ቀን ለመጨመር ጥናት መጠበቅ አያስፈልግም፤ የአውቶቡስ ትኬቱ ቀኑን ይናገራል።