መንገዱም ወለድ ነው

«ገበሬው ብድር ይፈራል» የሚል ወሬ ሰሞኑን ደጋግሜ ሰማሁ። ተማሪዎቼ የነበራችሁ ታውቁኛላችሁ፣ ሒሳብ ሳይሠራ የሚፈርድ ሰው አይመቸኝም። እስኪ አብረን እንሥራው።

አንዲት እናት 10,000 ብር ለዓመት ተበደረች እንበል። ወለዱ 18 በመቶ ቢሆን 1,800 ብር ነው። ቢሮው ያለው ወረዳ ከተማ ነው። ደርሶ መልስ ትራንስፖርት 200፣ የምታስታጉለው የቀን ሥራ 300 ብር ይሁን። አራት ጊዜ ከተመላለሰች 2,000 ብር ሄደ። መንገዱ ከወለዱ በለጠ! 500,000 ብር የሚበደረው ነጋዴም ቢመላለስ ያው 2,000 ነው፤ ለእሱ ግን የሻይ ናት። ርቀት የሚቀጣው ትንሹን ብድር ነው።

በቡድን ዋስትና ሲሆንማ ይብሳል። አምስቱም አንድ ላይ መገኘት አለባቸው፤ አንዷ ከታመመች አራቱ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ።

በአክስቴ የደረሰውን ልንገራችሁ። ሰኔ ላይ ለማዳበሪያ ብላ ሦስት ሰዓት በእግሯ ወረደች። «ፎቶ ጎድሏል» ተባለች። በሁለተኛው የቡድኗ አባል ቀረች። በሦስተኛው «ሲስተም የለም»። ክረምት ደግሞ ሲስተም አይጠብቅም። ማታውኑ ከሰፈር አራጣ አበዳሪ ወሰደች፤ ጥር ላይ ጊደሯን ሸጣ ከፈለች። ታዲያ ይቺ ሴት ብድር ፈርታ ነው?

«አሁን እኮ በስልክ ብድር አለ» የምትሉኝ፣ ልክ ናችሁ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ለብዙዎቻችን ነገር ቀሏል። እሷ ጋ ግን ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታ ላይ ነው። ስልኩም ያለው ባሏ ኪስ ውስጥ ነው።

መፍትሔው አዲስ ነገር አይደለም። የባንግላዴሹ ግራሚን ባንክ ሲነሳ ጀምሮ መርሁ ሰው ወደ ባንክ ሳይሆን ባንክ ወደ ሰው ይሂድ የሚል ነው፤ ሠራተኛው መንደር ድረስ ይሄዳል። እኛም የገበያ ቀን አለን። አንድ ሠራተኛ፣ አንድ ሞተር ሳይክል፣ ቀበሌ ውስጥ አንዲት ክፍል። በገበያ ቀን ይመዝግብ፣ ይስጥ፣ ይሰብስብ።

«ወጪው ማን ይችላል?» ትሉኛላችሁ። ወዳጆቼ፣ ወጪው እኮ ዛሬም እየተከፈለ ነው። የምትከፍለው አክስቴ ናት፣ ያውም በእግሯ።

እናንተ አገርስ ቢሮው ስንት ሰዓት ያስኬዳል? እስኪ ጻፉልኝ።