ያልተመለሰው የትምህርት ዘመን

በአማርኛ ከመስከረም እስከ ሰኔ ያለው የመማሪያ ጊዜ «የትምህርት ዘመን» ይባላል። «ዘመን» የሚለው ቃል በአንድ በኩል አንዲት ዓመትን፣ በሌላ በኩል የአንድን ትውልድ ዕድሜ የሚይዝ በመሆኑ፣ በሰላም ጊዜ ሁለቱን ትርጉሞች ለይቶ ማየት አያስቸግርም፤ ያለፈው ዓመት ያልፋል፣ ተማሪው ወደሚቀጥለው ክፍል ይዛወራል፣ ዘመኑም በሰርተፊኬቱ ላይ በአንዲት መስመር ይመዘገባል። በጦርነት ጊዜ ግን ሁለቱ ትርጉሞች ይገናኛሉ፤ ከአንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የተወሰደች አንዲት የትምህርት ዘመን የዕድሜውን አቅጣጫ ይዛ ትሄዳለችና። በደቡብ ወሎ የደሴና የኮምቦልቻ ተማሪዎች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ያሳለፉት ሕይወት ለዚህ ማስረጃ ነው። ሀገሪቱ የፈረሰውን ሕንፃና የተዘረፈውን ንብረት ስትቆጥር፣ ከእነዚህ ተማሪዎች የተወሰደውን ጊዜ እንደ ዕዳ አልቆጠረችውም፤ ያልተቆጠረ ዕዳ ደግሞ አይከፈልም።

ሁለቱ ከተሞች በሐረጎ ጠመዝማዛ ዳገት በኩል በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚራራቁ ቢሆኑም፣ በትምህርት ረገድ አንድ አካባቢ ናቸው ማለት ይቻላል። ከጦሳ ተራራ ግርጌ የተቀመጠችው ደሴ የዞኑ አስተዳደርና የነባር ትምህርት ቤቶች መናገሻ ስትሆን፣ በቦርከና ዳር ያለችው ኮምቦልቻ ደግሞ የፋብሪካና የኢንዱስትሪ ፓርክ ከተማ ናት። ሆጤ፣ መምህር አካለወልድ፣ ቅዳሜ ገበያና የመሳሰሉት የደሴ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት የከተማውን ልጅ ብቻ አይደለም። በወሎ የገጠር ቤተሰብ ልጁን «ለትምህርት ከተማ አስገባሁት» ሲል፣ ልጁ ከሁለትና ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ፣ ከቤተሰቡ በገበያ ቀን የሚላክለትን ስንቅ እየቆጠበ ይማራል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ የከተማ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚዘጋው በዙሪያው ላሉ ብዙ ቀበሌዎችም ጭምር ነው።

የደሴ ትምህርት ቤት ከሀገሪቱ ፖለቲካና ጦርነት ጋር ያለው ግንኙነት ደግሞ የቆየ ነው። በንጉሥ ሚካኤል ልጅና በእቴጌ መነን እናት ስም የተሰየመው የወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት፣ ዛሬ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ከመሆኑ በፊት፣ የተማሪዎችን ንቅናቄ ከመሩት አንዱ የነበረውን ዋለልኝ መኮንንን አስተምሯል። ዋለልኝ በ1962 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በብሔረሰቦች ጥያቄ ላይ የጻፈው ጽሑፍ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ኢሕአዴግ በ1983 ዓ.ም. ደሴንና ኮምቦልቻን የያዘበትን ዘመቻም በእርሱ ስም ሰይሞታል። ከዚያ በፊት ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደብድበዋል። በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ተማሪው ብዙ ጊዜ የሚታወሰው እንደ ታጋይ፣ እንደ ዘማች ወይም እንደ ሰለባ ነው። ተማሪ ሆኖ፣ ማለትም የሚማርበት ሰዓት፣ የሚቀመጥበት ወንበርና የሚፈተንበት ቀን እንዳለው ሰው ሆኖ የታወሰበት ጊዜ ጥቂት ነው።

የቅርቡ ችግር የጀመረው ከጦርነቱ በፊት ነበር። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የሀገሪቱ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ የዚያ ዓመት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሁለተኛውን መንፈቅ በቅጡ ሳያገኝ ወደ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተሻገረ። በ2013 ዓ.ም. ትምህርት ሲከፈት የተማሪውን ቁጥር በየክፍሉ ለመቀነስ የተማሪዎች መማሪያ ቀን ወይም ሰዓት በየተራ የሚከፋፈልበት የፈረቃ አሠራር ስለተዘረጋ፣ የትምህርት ሰዓት እንደገና ተሸራረፈ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ማብቂያ በሰሜን የተቀሰቀሰው ጦርነት መጀመሪያ ከደሴ ርቆ የሚሰማ ዜና ነበር። የፌዴራሉ ጦር በሰኔ 2013 ዓ.ም. ከመቀሌ ከወጣ በኋላ ግን የሕወሓት ኃይሎች ወደ አማራ ክልል ገብተው በክረምቱ ወልድያን ሲይዙ፣ ከራያ ቆቦ፣ ከወልድያና ከሌሎች የሰሜን ወሎ አካባቢዎች የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ጎረፈ።

ይህን ሕዝብ የተቀበሉት በአብዛኛው ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ወንበሮች ተደራርበው በግቢ ተከመሩ፤ በመማሪያ ክፍሎች ሰሌን ተነጠፈ፤ ጥቁር ሰሌዳው በተሰቀለበት ግድግዳ ሥር እናቶች ልጆቻቸውን አስተኙ። በወሎ የተጨነቀን ሰው ለማጽናናት «አብሽር» ይባላል፤ አይዞህ፣ ያልፋል እንደ ማለት ነው። በዚያ ክረምት ይህ ቃል በተግባር ታይቷል፤ የከተማው ነዋሪ እንጀራውን ጋግሮ፣ ልብሱን አውጥቶ ተፈናቃዩን ደግፏል። ያ ደግነት ክብር ይገባዋል እንጂ ነቀፌታ የለበትም። መታየት ያለበት ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ሁለት ትልልቅ ከተሞች የጭንቅ ቀን ሲመጣ ብዙ ሕዝብ የሚያስጠልሉበት ከትምህርት ቤት የተሻለ የሕዝብ ሕንፃ እንዳልነበራቸው ነው። ለተፈናቃዩ የተከፈለው ዋጋ ከአንድ ወገን፣ ከተማሪው የመማሪያ ቦታና ጊዜ፣ ወጣ፤ ተማሪውም ሳያጉረመርም ሰጠ፤ ከዚያ በኋላ ግን ምትኩን የጠየቀለት አልነበረም።

የ2013 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ብሔራዊ ፈተና፣ ቤተሰቦች እስከ ዛሬ በድሮ ስሙ «ማትሪክ» የሚሉት፣ ወደ ቀጣዩ ዓመት ተላልፎ ጥቅምት 29 ቀን 2014 ዓ.ም. እንዲጀመር ተወስኖ ነበር። የሕወሓት ኃይሎች ደሴን መያዛቸውን ያስታወቁት ጥቅምት 20 ቀን ነው፤ በማግሥቱም ኮምቦልቻን መያዛቸውን አስታወቁ። ስለዚህ በሌላው የሀገሪቱ ክፍል ያለ ተፈታኝ የመጨረሻ ክለሳውን በሚያደርግባቸው ዘጠኝ ቀናት፣ የደሴና የኮምቦልቻ ተፈታኝ ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ ወይ በከሚሴና በደብረ ብርሃን መንገድ ወደ ደቡብ መሸሽ፣ ወይ ደግሞ በር ዘግቶ መቀመጥ። መንግሥት ኅዳር 27 ቀን ሁለቱን ከተሞች መልሶ መያዙን እስካስታወቀበት ቀን ድረስ ባሉት አምስት ሳምንታት ውስጥ ትምህርት አልነበረም። የደሴ ሆስፒታል፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችና የወሎ ዩኒቨርሲቲ ከባድ ዝርፊያና ውድመት ደረሰባቸው፤ በክልሉ በሺህ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶችም በከፊል ወይም በሙሉ ተጎዱ። በጦርነቱ ምክንያት መፈተን ያልቻሉት ከወራት በኋላ በሁለተኛ ዙር ተፈተኑ። ፈተናው ተመለሰላቸው፤ የጠፋው የጥናት ጊዜ፣ የተበተነው ደብተርና የእንቅልፍ ሰላም ግን አልተመለሰም።

ከተሞቹ ነፃ በወጡበት በዚያው ሳምንት መንግሥት በመላ ሀገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ለአንድ ሳምንት ዘግቶ፣ ተማሪዎች የዘማቾችን ሰብል እንዲሰበስቡ ወሰነ። አሳቡ ከመተባበር የመነጨ ቢሆንም፣ ሥር የሰደደ ልማድን ያሳያል። ደርግ በ1967 ዓ.ም. የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር «እድገት በኅብረት» ወደተባለው የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ላከ፤ በ1975 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ውትድርናን አወጀ፤ ይህም በኋለኞቹ ዓመታት «አፈሳ» የሚለውን ቃል፣ ማለትም ወጣትን ከመንገድና ከቤት እየያዙ ወደ ማሠልጠኛ መውሰድን፣ ለሕዝቡ አስተማረ። ሥርዓቶቹ ይለያያሉ፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው፤ ሀገር ሲቸግራት መጀመሪያ የምታዘው የተማሪውን ጊዜ ነው። የተማሪ ጊዜ ዋጋ የሌለው የሚመስለው ደመወዝ ስለማይከፈልበት ይሆናል፤ ነገር ግን ነገ ሐኪም፣ መምህርና መሐንዲስ የሚወጣው ከዚያው ጊዜ ነው።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ኩረጃን ለመከላከል ፈተናውን በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሰጠ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። ውድቀቱ ሀገር አቀፍ ስለነበር ጦርነት ብቻውን አያብራራውም፤ ጦርነት ባልደረሰባቸው አካባቢዎችም ትምህርቱ ደካማ መሆኑን አጋልጧልና፣ እውነቱን በማውጣት ረገድ ፈተናው አገልግሎት ሰጥቷል። ሆኖም አንድ ዓይነት የጥያቄ ወረቀት አንድ ዓይነት የትምህርት ሰዓት ላላገኙ ሰዎች ሲታደል፣ ውጤቱ የሚለካው ችሎታን ብቻ ሳይሆን ዕድልንም ጭምር ነው። ያን ፈተና የወሰደው የደሴ ተማሪ በአሥረኛ ክፍል ወረርሽኝ፣ ቀጥሎ ፈረቃ፣ ቀጥሎ መፈናቀልና ወረራ አግኝቶታል፤ ለፈተናው ሲዘጋጅም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ውጊያው በቆቦ ግንባር እንደገና መቀስቀሱን ሰምቷል።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት ያንን ጦርነት ቢያቆምም፣ ለአማራ ክልል ተማሪ የሰላም ዘመን አልመጣም። በመንግሥትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል በተከፈተው ግጭት ምክንያት ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በ2017 የትምህርት ዘመንም በክልሉ ከትምህርት ገበታ ውጭ የሆኑት ልጆች ከ4 ሚሊዮን በላይ እንደሆኑ ተገልጿል። በትልልቅ ከተሞች ትምህርት በአንጻራዊ ሁኔታ ሲቀጥል በብዙ የገጠር ወረዳዎች ግን ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ይህም ቀድሞ ለሁሉም የተዘረጋውን ዕድል፣ ለልጁ ከተማ ቤት መከራየት ለሚችል ቤተሰብ ብቻ የሚደርስ አድርጎታል።

ወሎ ላይ ከትምህርት የወጣ ልጅ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። ለሴቷ ያለዕድሜ ጋብቻ ወይም «ዓረብ ሀገር» የሚባለው የቤት ሠራተኝነት ስደት፣ ለወንዱ በጅቡቲና በየመን አቋርጦ ወደ ሳዑዲ የሚወስደው አደገኛ የደላላ መንገድ ወይም ጠመንጃ ቅርብ ናቸው። የሌሎች ሀገራት ልምድም ጉዳቱ ከጦርነቱ በኋላ እንደሚቀጥል ያሳያል። አንድሪያ ኢቺኖና ሩዶልፍ ቪንተር ኤብመር የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት አሥር ዓመት ገደማ የነበሩ የጀርመንና የኦስትሪያ ልጆች ከሌሎች ያነሰ ትምህርት እንዳገኙና ከአርባ ዓመት በኋላም ገቢያቸው በዚሁ ምክንያት ዝቅ ብሎ መገኘቱን አሳይተዋል። ሁለቱ ሀገሮች ከጦርነቱ በኋላ ከዓለም ሀብታሞች ተርታ የተሰለፉ ናቸው፤ ሀብታቸው እንኳ ለእነዚያ ልጆች የጠፋውን የትምህርት ጊዜ አልመለሰላቸውም። ድሃ ሀገር ዝም ብላ ብትጠብቅ ምን እንደሚደርስባት ከዚህ መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ ዕዳውን መክፈል የሚጀምረው ከመቁጠር ነው። በየትምህርት ቤቱ የባከነው የትምህርት ሰዓት በክፍልና በትምህርት ዓይነት ተመዝግቦ፣ የማካካሻ ትምህርት፣ ማለትም ያመለጠውን ክፍለ ትምህርት በክረምትና በቅዳሜ መልሶ ማስተማር፣ ለመምህራን ተገቢው ክፍያ እየተፈጸመ ሊሰጥ ይገባል። የተማሪዎች የውጤት መዝገብ ቅጂ ከትምህርት ቤቱ ውጭም ይቀመጥ፤ ሰነዱ የጠፋበት ልጅ መማሩን ለማስረዳት ምስክር ፍለጋ እንዳይንከራተት። ደሴና ኮምቦልቻ የትራንስፖርትና የሽሽት መስመር ላይ የተቀመጡ ከተሞች ስለሆኑ፣ ለተፈናቃይ የሚሆን መጠለያ አስቀድሞ ይዘጋጅላቸው። ጦር የያዙ ወገኖች ሁሉ ደግሞ፣ መንግሥትም ሆነ የታጠቁ ኃይሎች፣ ትምህርት ቤትን ሰፈር አለማድረግን፣ መምህርን አለማስፈራራትንና ተማሪን ከመንገዱ አለማስቀረትን ድርድር የማይጠይቅ ግዴታ አድርገው ይያዙ። ይህን ለመፈጸም ሰላም እስኪወርድ መጠበቅ አያስፈልግም።

ወላጆች፣ መምህራንና የሁለቱ ከተሞች ነዋሪዎችም የሚሠሩት አላቸው። በችግር ቀን ማንንም ሳይለዩ በራቸውን የከፈቱ ሰዎች፣ ዛሬ ከክፍል የቀረውን የጎረቤት ልጅ ስሙን ጠርተው «ለምን ቀረህ?» ሊሉት፣ ከገጠር የመጣውንም ተማሪ በኪራይ ሊያግዙት ይችላሉ። ለእነዚያ ተማሪዎች «አብሽር» ማለት ከዚህ በኋላ ቃል ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም፤ የተወሰደባቸው ዘመን በሰዓት ተቆጥሮ፣ በሰዓት ይመለስላቸው።