ከእንዶድና ከሻምፑ፦ ሚዛናችን ምን ይሁን?

እንደሚታወቀው ሰው ገላውን ለማጽዳት፣ ፀጉሩን ለመንከባከብ፣ ጤናውን ለመጠበቅና እንስሳቱን ከበሽታ ለመከላከል የሚገለገልባቸው ነገሮች ዘወትር በሁለት ጎራ ተከፍለው ይቀርባሉ። በአንድ ወገን እንዶድ፣ ቅቤ፣ ኮሶና ሌሎችም ከአያት ከቅድመ አያት የወረስናቸው ይሰለፋሉ፤ በሌላው ወገን ደግሞ ሳሙና፣ ሻምፑ፣ ክኒንና ክትባት ይቆማሉ። በቀየትና በአካባቢዋ ባሉት የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ደጋማ መንደሮች ግን ሁለቱ ጎራዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ተስማምተው ይኖራሉ። በገበያ ቀን ቅቤ የሸጠች እናት በገንዘቡ ሳሙና ገዝታ ትመለሳለች። ጠቡ ያለው ይበልጡን በእኛ በተማርነው ዘንድ ነው።

ከእኛ መካከል አንዳንዱ የቆየውን ሁሉ ኋላ ቀር ብሎ ይንቃል። ሌላው ደግሞ፣ በተለይ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ፣ «ከተፈጥሮ የተገኘ ነገር አይጎዳም» እያለ ከፋብሪካ የወጣውን ሁሉ ይጠራጠራል። ይህ ሁለተኛው አስተሳሰብ የእኛ ብቻ አይደለም። ይህ ጸሐፊ በትምህርት ምክንያት በውጭ አገር በቆየባቸው ዓመታት «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ብቻ የአንድን ቅባት ዋጋ ከፍ ሲያደርገው ታዝቧል። ሁለቱ ወገኖች ተቃራኒ ቢመስሉም ስሕተታቸው አንድ ነው፤ ነገርን በትውልዱ እንጂ በሥራው አይመዝኑም። በበኩሌ ሚዛኑ ሦስት ጥያቄዎች ሊሆኑ ይገባል እላለሁ። ይሠራል ወይ? በምን ያህል መጠን? ባይሠራስ የሚያስከፍለው ዋጋ ምንድን ነው?

የእንዶድ ትምህርት

ከእንዶድ እንጀምር። ንጹሕ ውኃ በ25 ዲግሪ ሴልሲየስ የገጽ ውጥረቱ በሜትር 72 ሚሊኒውተን ያህል ነው። ይህ ውጥረት ውኃው በቅባት በቆሸሸ ጨርቅ ላይ ተንጠባጥቦ እንዲቀር እንጂ ወደ ክሩ እንዳይሰርግ ያደርገዋል። ሳሙና አንድ ጫፉ ውኃን፣ ሌላው ጫፉ ቅባትን የሚወድ ሞለኪውል በመሆኑ የገጽ ውጥረቱን ከግማሽ በታች ያወርደዋል፤ ቅባቱንም ከቦ ከውኃው ጋር እንዲሄድ ያደርጋል። በእንዶድ ፍሬ ውስጥ የሚገኙት ሳፖኒን የሚባሉት ውሁዶችም በዚሁ ሕግ ይሠራሉ። ስለዚህ እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ በእንዶድ ሲያጥቡ የፈጸሙት ተግባር ከዘመናዊው ሳሙና ጋር በመሠረቱ አንድ ዓይነት ፊዚክስ ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ «አዎን፣ ይሠራል» ነው።

ሆኖም ያው ሞለኪውል የጨርቁን ቅባት ብቻ መርጦ አይነካም። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። የቢልሃርዚያን ጥገኛ ተውሳክ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች በመሆናቸው ግኝቱ ታላቅ ተስፋ አሳደረ። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም በ1989 እ.ኤ.አ. «አማራጭ ኖቤል» በመባል የሚታወቀውን ሽልማት ተቀበሉ። ነገር ግን እንዶድ ቀንድ አውጣውን ብቻ ሳይሆን ዓሣንም ይገድላል። ተፈጥሯዊ መሆኑ ለዓሣው ምንም አልጠቀመውም። መጠኑና ቦታው ካልተወሰነ በቀር በጎውና ክፉው የሚመነጩት ከአንድ ባሕርይ ነው።

ስለ ፀጉር

በፀጉር ረገድ ጉዳዩ ቀለል ይላል። የሰው ፀጉርም ሆነ የመንዝ በግ ሱፍ የተሠሩት ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ነው። የሁለቱም ገጽ እንደ ጣሪያ ክዳን በተደራረቡ ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። ሱፍ በሙቅ ውኃ ሲታሽ የሚጠባበቀውና የሚወፍረው ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ስለሚቆላለፉ ነው፤ በርኖስና ባና የሚሠሩ ባለሙያዎች ይህን ባሕርይ በእጃቸው ያውቁታል። ቀላል አልካሊ የሆነው ተራ ሳሙና የፀጉርን ቅርፊት ከፍ ስለሚያደርገው ፀጉሩ ይሻክራል፤ ካልሲየም በበዛበት ውኃ ደግሞ ነጭ ዝቃጭ ይተዋል። ሻምፑ ይህን ችግር ለማስወገድ የተቀመመ ነው። ለጋ ቅቤ በበኩሉ ቅርፊቶቹን በስሱ ሸፍኖ በፀጉርና በፀጉር መካከል ያለውን ሰበቃ ይቀንሳል፤ በደረቅና በብርዳማ አየር የፀጉሩን መሰባበር ይከላከላል። በሰውነት ሙቀት አጠገብ መቅለጡም ለዚሁ ያመቸዋል። ጉድለቱ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ መሽተቱና አቧራ መያዙ ነው።

እዚህ ላይ ሦስተኛውን ጥያቄ ስናነሣ መልሱ ያረጋጋናል። ቅቤው ባይሠራ የሚጠፋው ጥቂት ገንዘብና የአንድ ሳምንት የፀጉር ውበት ነው። ስለዚህ ሰው የወደደውን ይምረጥ፤ ሳይንስም በማያገባው አይግባ። ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላ ቦታ ነው። ቆዳን ያነጣሉ እየተባሉ ከሚሸጡት ቅባቶች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ ይዘው ተገኝተዋል። ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። የዚህ ዓይነቱ ቅባት ማሸጊያው ማማሩ ወይም ከውጭ መምጣቱ ዋስትና አይሆነውም።

ስለ ቅማል

ብርዳማ በሆነው ደጋ ወፍራም ልብስ ይለበሳል፤ ውኃና ማገዶም እንደ ልብ አይገኝም። ይህ ሁኔታ ለልብስ ቅማል የተመቸ ነው። የልብስ ቅማል ደግሞ ማሳከክ ብቻ ሳይሆን ተስቦንና ግርሻ ትኩሳትን ያስተላልፋል። በዓለም ላይ ዲዲቲ የተባለው ዱቄት በ1943 እና በ1944 እ.ኤ.አ. በኔፕልስ ከተማ የተነሣውን የተስቦ ወረርሽኝ በመግታቱ እጅግ ተመሰገነ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ግን በኮሪያ ጦርነት ዘመን ዱቄቱን የሚቋቋም ቅማል ታየ።

ቅማል ሊለምደው የማይችለው ነገር ቢኖር ሙቀት ነው። በ3000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ በመሆኑ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህም ቢሆን ቅማሉንና እንቁላሉን ለመግደል ከሚያስፈልገው እጅግ የላቀ ነው። የጥጥ ልብስ በፈላ ውኃ ቢነከር ይበቃዋል። ሱፍ ግን ከላይ በጠቀስነው ምክንያት ስለሚበላሽ በርኖሱን በፕላስቲክ ከረጢት አጥብቆ አስሮ ለሁለት ሳምንት ሳይለብሱ ማቆየት ይሻላል፤ ደም ያላገኘ ቅማል ይህን ያህል አይቆይም፤ የሚፈለፈለውም በረሃብ ይሞታል። ይህ አማራጭ ከቅጠልም ከፋብሪካም አልመጣም፤ ከማስተዋል እንጂ።

ስለ ኮሶ

ኮሶ የሚያስከብር ታሪክ አለው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአውሮፓ የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ ገብቶ ነበር። በእኛም ቋንቋ ትሉ ራሱ በመድኃኒቱ ስም እስከ መጠራት ደርሷል። ትሉን ማስወጣቱ አይካድም። ጥያቄው ሁለተኛው፣ ማለትም የመጠን ጥያቄ ነው። የአንዱ ዛፍ አበባ ከሌላው፣ የዘንድሮው ከአምናው በጥንካሬው ይለያያል፤ የሚለካውም በእፍኝ ነው። ከልክ ያለፈ ኮሶ የዓይንን ነርቭ እንደሚጎዳና እስከ ዕውርነት እንደሚያደርስ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። በ1960 እ.ኤ.አ. አካባቢ ለገበያ የቀረበው ኒክሎሳማይድ ግን በታወቀ መጠን አንድ ጊዜ ብቻ ተወስዶ ያንኑ ሥራ ይሠራል። የክኒኑ ብልጫ ከፋብሪካ መውጣቱ ሳይሆን በውስጡ ያለው መጠን መታወቁ ነው። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኙትም የጥንቱን የወባ ቅጠል በማወደሳቸው ሳይሆን፣ በውስጡ ያለውን ፈዋሽ ንጥረ ነገር ለይተውና ለክተው በማውጣታቸው ነው።

ስለ ውሻ

እስከ አሁን ያነሣነው ሁሉ ሊታረም የሚችል ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ግን ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ፈውስ የሌለው መሆኑን ልብ ይሏል። በደጋው ውሻ የቤት ጌጥ ሳይሆን የበግ እረኛ ነው፤ ከልጆች ጋር ይውላል፣ ከጅብና ከቀበሮ ጋር ይጋፈጣል። አንድ ልጅ ሲነከስ ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መድኃኒት አዋቂው ዘንድ ነው። «እገሌን አድኖታል» የሚለው ምስክርነትም በየመንደሩ አይጠፋም።

ምስክሮቹ አይዋሹም። ነገር ግን ለአብነት ያህል እንቁጠር። 100 ሰዎች በውሻ ተነከሱ እንበል። ከነካሾቹ ውሾች በእርግጥ ያበዱት 40 ቢሆኑ፣ ባበዱት ከተነከሱት መካከልም ያለ አንዳች ሕክምና በበሽታው የሚያዘው ከአምስት አንዱ ቢሆን፣ የሚሞቱት 8 ናቸው። እንግዲህ መድኃኒት አዋቂው ተራ ውኃ እንኳ ቢሰጣቸው 92ቱ በሕይወት ይኖራሉ፤ 92 ምስክሮችም ይሆኑታል። ስምንቱ ግን አይመሰክሩም። ያለ ማነጻጸሪያ ቡድን የሚነገር የፈውስ ዜና ሁሉ ድካሙ ይህ ነው።

የሚሠራው የታወቀ ነው። ቁስሉን ወዲያውኑ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት መጀመር ነው። የእብድ ውሻ ቫይረስ የቅባት ሽፋን አለው፤ ሳሙና የጨርቁን ቅባት በሚያስለቅቅበት በዚያው ሕግ ይህን ሽፋን ያፈርሰዋል። ውሻውን አስቀድሞ ማስከተብ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ የሚድነውም ሰው ብቻ አይደለም። በባሌ ተራሮች በ1990ዎቹ መጀመሪያና እንደገና በ2003 እ.ኤ.አ. ከውሾች የተነሣው ይህ በሽታ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። የመንዝ ሕዝብ በቄሮ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቆ ባቆየው በጓሳም ይኸው ብርቅዬ እንስሳ ይኖራል።

ይሁን እንጂ የዘመናዊው ወገንም ሊመካ አይገባውም። በአገራችን ለረጅም ዘመን ይሰጥ የነበረው ክትባት ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ፣ ከአሥር በላይ ተከታታይ መርፌ የሚጠይቅና አልፎ አልፎም በነርቭ ላይ ጉዳት የሚያስከትል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነቱን ክትባት ትቶ በሕዋስ ባህል በሚዘጋጀው መተካት እንደሚገባ መክሯል። ዘመናዊ ያሰኘውም በተሻለ ለመተካት ፈቃደኛ መሆኑ ነው።

ምን እናድርግ?

«ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ» ማለት ቀላል ነው። የግማሽ ቀን መንገድ በእግሩ ተጉዞ ክትባቱ የለም የተባለ ገበሬ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ጎረቤቱ መድኃኒት አዋቂ ቢሄድ አላዋቂ አልለውም። ስለዚህ ሕዝብን ከማስተማር በፊት የምናስተምረው ነገር በቦታው መኖሩን ማረጋገጥ የመንግሥትም የእኛም ግዴታ ነው። መድኃኒት አዋቂዎችንም ከማሳደድ ይልቅ የተነከሰውን ሰው ቁስሉን አጥበው ያን ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልኩ ብናግባባቸው ብዙ ሕይወት ይተርፋል፤ መንደሩ የሚሰማው እነርሱን ነውና።

የዩኒቨርሲቲዎቻችን የሳይንስ ፋኩልቲዎች ድርሻ ደግሞ መለካት ነው። የእንዶድን የገጽ ውጥረት ለመለካት ቀጭን የመስታወት ቱቦና ማስመሪያ ይበቃል። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ከየመንደሩ ያመጣውን ፍሬ በዚህ ቢመረምር ፊዚክስም ይማራል፣ አገሩንም ያውቃል። እኛ ሳንለካ ሌላው ይለካል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንዶድ የውኃ ቧንቧ የሚዘጉትን ዛጎል ለበስ እንስሳት እንደሚገድል ተረጋግጦ የባለቤትነት መብቱ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ስም መመዝገቡን አንርሳ።

በአጭሩ፣ ለፀጉር የሚሆነውን እያንዳንዱ በምርጫው ይወስን፤ ለሆድ የሚሆነውን መጠኑ ይወስነው፤ ለእብድ ውሻ ግን ምርጫ የለም። አንድን ነገር «የእኛ ነው» ወይም «የእነርሱ ነው» ከማለታችን በፊት በሚዛን ላይ እናስቀምጠው። ሚዛን ዘመድ አያውቅም።