ብረቱን ያነጣው እጅ

አንድን የሥራ ውጤት ከሠራው እጅ፣ ካገለገለበት ኑሮና ካለፈበት ታሪክ ነጥሎ «ውበቱን ብቻ እናድንቅ» የሚለው አስተሳሰብ በኪነ ጥበብ መድረክ አዲስ አይደለም። ሥዕልን ከሠዓሊው ዘመን፣ ቅኔን ከተቀኘለት ጉዳይ፣ ዜማን ከአዝማሪው ረሀብ ለመነጠል ሲደክም የኖረ አስተሳሰብ ነው። ባዶነቱ ቁልጭ ብሎ ከሚታይባቸው ሥፍራዎች አንዱ ግን የሥዕል አዳራሽ ሳይሆን የአሜሪካ የአሮጌ ጠመንጃ ገበያ ነው።

በዚያ ገበያ ከሚፈለጉት ብረቶች መካከል በማንሻ የሚቀባበለው የአደን ጠመንጃ ቀዳሚውን ሥፍራ ይይዛል። ከነዚህም በስፋት የሚታወቀው ጆን ብራውኒንግ የነደፈው ዊንቸስተር ሞዴል 1894 ነው። ከምላጩ ሥር ያለው ማንሻ ወደ ታች ሲገፋ ባዶው ቀለህ ተፈናጥሮ ይወጣል፤ መዶሻውም ይወጠራል። ማንሻው ወደ ቦታው ሲመለስ ጠመንጃው ከአፈሙዙ ሥር ከተዘረጋው ቱቦ የመጣውን አዲስ ጥይት ይጎርሳል። ቀጭንና ቀላል በመሆኑ ከኮርቻ ጎን ለማንጠልጠልም ሆነ በእጅ ይዞ ጫካ ለመዋል ይመቻል። እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ በኮኔቲከት ግዛት ኒው ሄቨን ከተማ የነበረው ፋብሪካ በ2006 እስኪዘጋ ድረስ ከ7 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። የብዙ ገበሬና የብዙ እንጨት ቆራጭ ቤተሰብ የክረምት ሥጋ የተገኘው በዚህ ብረት ነው።

አዋቂ ነኝ የሚል ገዢ ይህን ጠመንጃ ሲመረምር ሥርዓት አለው። የአፈሙዙን ጫፍ በብርሃን ያያል፤ ይህ ዓይነቱ ጠመንጃ የሚወለወለው ከአፈሙዝ በኩል ስለሆነ የመወልወያው ዘንግ ጫፉን በልቶት እንደሆነ ያጣራል። የብሎኖቹ ራስ ተፋፍቆ ከሆነ ያላዋቂ እጅ እንደፈታታው ይረዳል። ዝገት ለመሸፈን እንደገና ቀለም የተነከረ መሆኑንም ይመረምራል። ይህ ሁሉ ተገቢ ጥንቃቄ ነው፤ የሚነቀፍ ነገር የለውም። የሚነቀፈው ቀጥሎ የሚሰጠው ፍርድ ነው። በጠመንጃው ወገብ ላይ፣ የተሸካሚው መዳፍ ለዓመታት ባረፈበት ቦታ፣ ጥቁር ሰማያዊው ቀለም ተፍቆ ብረቱ ነጥቶ ይታያል። ገዢው ይህን ያይና ከዋጋው ይቀንሳል። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ጧትና ማታ ይዞት የወጣበት ምልክት በገበያው መዝገብ እንደ ጉድለት ይጻፋል። ማንም ያልነካው፣ ማንንም ያልመገበው፣ ከሣጥኑ ያልወጣው ብረት ደግሞ «ፍጹም» ተብሎ ይወደሳል።

ይህ የአንድ ገዢ ስህተት ብቻ አይደለም፤ ንግድም ሆኗል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ለልዩ ልዩ በዓላትና ለዝነኛ ሰዎች መታሰቢያ እያለ በጌጥ የተንቆጠቆጡ ጠመንጃዎችን አውጥቷል። በ1981 ለፊልም ተዋናዩ ለጆን ዌይን መታሰቢያ የወጣው አንዱ ነው። ብዙዎቹ ገዢዎች አንድ ጥይት ሳይተኩሱ በሣጥን ቆለፉባቸው። መሣሪያው መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ ሸቀጥ፣ ሸቀጡም ጣዖት ሆነ።

ገበያው ከሚያከብራቸው ቁጥሮች ዋነኛው ራሱ 1964 መሆኑ የሚገርም ነው። ከዚያ ዓመት በፊት የተሠራው በውድ ይሸጣል፤ በኋላ የተሠራው ይናቃል። ለምን? ኩባንያው በዚያ ዓመት ወጪ ለመቀነስ ሲል አሠራሩን ስለለወጠ ነው። በማሽንና በሠለጠነ እጅ ተፈልፍሎ ይወጣ የነበረው ጥይት አንሺ ከታተመ ቆርቆሮ ተሠራ፤ ድፍኑ ፒን በተጠቀለለ ባዶ ፒን ተተካ። እንግዲህ ሰብሳቢው «ከ64 በፊት» ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ ሲከፍል የሚከፍለው ለወዝ አደሩ ሙያ ነው፤ ነገር ግን ይህን አያውቅም፤ ቢያውቅም አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1979 የኒው ሄቨን ወዝ አደሮች ሥራ አቁመው ለወራት እንደቆዩ፣ በ1981 ፋብሪካው ለሌላ ባለቤት እንደተሸጠ፣ በመጨረሻም በሩ እንደተዘጋ በጨረታ መግለጫዎች ላይ አይነበብም። ዛሬ ከፋብሪካው ሕንፃዎች ከፊሉ የመኖሪያ አፓርታማ ሆኗል።

የሠሪውን ስም መደምሰስ የተጀመረው ግን ከመነሻው ነው። ኦሊቨር ዊንቸስተር ጠመንጃ ሠሪ አልነበረም፤ የሸሚዝ ፋብሪካ ባለቤት ነበር። ለቤቱ ዝና መሠረት የሆነውን የ1860 ጠመንጃ የፈለሰፈው የፋብሪካው ኃላፊ ቤንጃሚን ታይለር ሄንሪ ነው። ሄንሪ በድካሙ ዋጋ ሳቢያ ከባለቤቱ ጋር ተጣልቶ ሄደ። በእርሱ ስም ይጠራ የነበረውም ጠመንጃ ከ1866 በኋላ ተሻሽሎ በባለሀብቱ ስም መጠራት ጀመረ። ብረቱን ያሰበው ሰው ሄደ፤ ሸሚዝ ነጋዴው በብረቱ ላይ ቀረ።

ገበያው ታሪክን ፈጽሞ አይጠላም፤ የሚመርጠው ታሪክ ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ቁጥር 1 የተጻፈበት ሞዴል 1886 ዊንቸስተር በ1 ሚሊዮን 265 ሺህ ዶላር በጨረታ ተሸጧል። ዋጋውን ያናረው የተከታታይ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን የአፓቼውን መሪ ጀሮኒሞን ላሳደደው ለሻምበል ሄንሪ ላውተን የተበረከተ መሆኑ ነው። ጀሮኒሞ በ1886 እጁን ከሰጠ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1909 ድረስ፣ የጦር ምርኮኛ እንደነበረ ግን ዋጋው ውስጥ አልገባም። የአሳዳጁ ክብር ተመን ወጣለት፤ የተሳዳጁ ሕዝብ መከራ በነፃ ተጨመረ።

ይኸው ምርጫ በኩባንያው ማስታወቂያ መፈክር ሆኖ ተነግሯል፤ «ምዕራቡን ያሸነፈው ጠመንጃ» ተብሎ። ከማን እጅ ነው ያሸነፈው? ሰው አልባ ምድር አይሸነፍም። ሐቁ ደግሞ መፈክሩን ያፈርሰዋል። እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 1876 በሊትል ቢግሆርን ወንዝ አጠገብ የላኮታና የሻየን ተዋጊዎች የከስተርን ጦር ሲደመስሱ የአሜሪካ ፈረሰኛ የያዘው አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ስፕሪንግፊልድ ነበር። ከነባሮቹ ተዋጊዎች በርካቶች ግን ሄንሪና ዊንቸስተር ይዘው ነበር። በ1983 ሣሩ ከተቃጠለ በኋላ በተደረገው ቁፋሮ የተገኙት ቀለሆች ይህን መስክረዋል። መሬቱን የሚከላከለው ሰው በያዘው ብረት ላይ የወራሪው መፈክር ተለጠፈበት። በ1950 የወጣውና አንቶኒ ማን ያዘጋጀው «ዊንቸስተር 73» የተሰኘው ፊልምም ጠመንጃውን ዋና ባለታሪክ አድርጎ ከእጅ ወደ እጅ ሲያዞር የነባሩን ሕዝብ አለቃ ያጫወተው በነጭ ተዋናይ፣ በሮክ ሁድሰን ነው። ያ ሕዝብ ብረቱን ብቻ ሳይሆን ፊቱንም ተቀምቷል ማለት ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። አንደኛው፣ «ብረት ብረት ነው፤ የሜካኒኩን ውበት ታሪክ አትጫኑበት» ይላል። ነገር ግን የማንሻው መታጠፊያ ለምን ጣቶች እንዲያስገባ ሆነ? ጎኑ ለምን ጠፍጣፋ ሆነ? ይህን ቅርጽ ያወጣው የሚያድነው፣ በኮርቻ የሚጓዘው ሰው ኑሮ ነው። ኑሮውን የማያውቅ ውበቱንም አላወቀም። ሁለተኛው ተቃውሞ በተቃራኒው፣ «የወረራ መሣሪያ ስለሆነ ይቅለጥ፤ ማድነቁም ነውር ነው» ይላል። ይህም ያው ስህተት ነው፤ ነገሩን ከሰው ነጥሎ ይፈርድበታልና። ቢቀልጥ የሚጠፋው የባለሀብቱ ስም ሳይሆን የሞራጁ፣ የአዳኙና የተከላካዩ ምስክር ነው።

ጥያቄው የኒው ሄቨን ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያም አሮጌ ውጅግራና ምንሽር በቤተ መዘክርና በየቤቱ ግድግዳ ተሰቅለው ይገኛሉ። ውጅግራ እ.ኤ.አ. በ1874 የፈረንሳይ ጦር የታጠቀው ጠመንጃ ነው፤ ከ22 ዓመት በኋላ ግን በዓድዋ ኢትዮጵያውያን በወራሪ ላይ ተኩሰውበታል። የፉከራና የቀረርቶ ባለሙያ ይህን ምሥጢር ያለ መምህር ያውቀዋል፤ የጠመንጃውን ስም ሲጠራ የባለቤቱን ስምና የዋለበትን ሜዳ አብሮ ይጠራል። እንዲህ ያለ ብረት በቤተ መዘክር ሲቀመጥ ግን የሞዴሉ ስምና ዓመቱ ብቻ ተጽፎ ከቀረ፣ የጨረታው መንፈስ በሌላ በር ገባ ማለት ነው። ሰደፉ ላይ ያለው የቢላ ጭረት፣ የተሰበረበት ቦታ የታሰረበት ጠፍር፣ ያነጣው ወገብ «ይጽዳ» ተብሎ በቀለም ቢሸፈን፣ የሚጸዳው እድፍ ሳይሆን ሰው ነው።

ስለዚህ አሮጌ ጠመንጃ የሚገዛ ሰው ያነጣውን ይግዛ፤ ቀለም አይንከረው። የማን እንደነበረና ምን እንዳደነበት ጠይቆ ከብረቱ ጋር ጽፎ ያኑር። መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ ቤተ መዘክር ሲወስድ በመጀመሪያ የሚያሳያቸው የሞዴሉን ቁጥር ሳይሆን መዳፍ ያረፈበትን ቦታ ይሁን። ተውኔት ጸሐፊውም ጠመንጃ ወደ መድረክ ሲያወጣ ማን እንደሞረደው፣ ማን እንደተሸከመውና በማን ላይ እንደተደገነ ይወቅ። ይህን ሳያውቅ ያወጣው እንደሆነ በመድረኩ ላይ ያለው የሱቅ ዕቃ ነው።