ወኪላችሁን ጠይቁት

የዲላ ዙሪያ ገበሬዎች፣ አባቶችና እናቶች!

በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ጭሰኛ በባለመሬት ላይ ተነስቶ ሚጭሌ ላይ ብዙ ሰው ወደቀ። ያኔም አዲስ አበባ ሕዝብ የመረጠው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ነበር። ግን ለመመረጥ ንብረት ይጠየቃል። ጭሰኛው መርጦ ይመለሳል እንጂ እሱን ማን ያስመርጠዋል! ኋላ የጭሰኛ ሕግ ረቂቅ ቀረበ፤ ፓርላማው መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. እስኪዘጋ ሳይጸድቅ ቀረ።

ዛሬ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለመመረጥ ንብረት አይጠየቅም። ወኪሉ የሚመረጠው ለ5 ዓመት ነው፤ ሕግ የሚጸድቀው በስብሰባው በተገኙት አብላጫ ድምፅ ነው። ታዲያ የእኛው ወኪል እጁን ለምን አወጣ? ለምርጫ ሰሞን ብቻ ብቅ የሚል ከሆነ ጠይቁት። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54፣ መራጩ አመኔታ ያጣበትን ወኪል ሊያነሳው ይችላል ይላል። ማንበብ ችላችኋልና አንቀጹን አንብቡለት።