ከፕሮስቴቱ ጋር ስለሚወጡት ሊምፍ ዕጢዎች ጠይቁ



የፕሮስቴት ካንሰር የተገኘባቸው አባቶችና ቤተሰቦቻቸው ቀዶ ሕክምና ከመወሰናቸው በፊት ብዙ ነገር ይጠይቃሉ። ሽንት መቆጣጠር ይቻላል ወይ? ውዱእስ እንዴት ይሆናል? የትዳር ሕይወትስ? ወጪውስ ስንት ነው? ሁሉም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። «ሊምፍ ዕጢዎቹስ አብረው ይወጣሉ ወይ? ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ከስንት አንድ ነው። በእኔ እምነት ይህ ከሌሎቹ እኩል መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ነው። የፋርማሲ ባለሙያ ነኝ እንጂ ቀዶ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ሲቀር የሚከተለው ጣጣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ነው።

ሊምፍ ዕጢ ሲያብጥ በተለምዶ «ንፍፊት» የምንለው ነው። እግራችን ሲቆስል ብሽሽታችን ላይ የሚያብጠውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከፕሮስቴት የሚወጣው የሊምፍ ፈሳሽ ግን የሚሄደው ጠለቅ ብሎ ዳሌ ውስጥ፣ በትላልቆቹ የደም ሥሮች ዙሪያ ወደሚገኙት ዕጢዎች ነው። የካንሰር ሴሎች ከፕሮስቴት አምልጠው ሲወጡ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ከሚያርፉባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው። እነዚህን ዕጢዎች በእጅ ዳሶ ማግኘት አይቻልም። ሲቲ ስካንና ኤምአርአይም በዋነኛነት የሚያዩት የዕጢውን መጠን ስለሆነ፣ ዕጢው ካላበጠ ውስጡ የተደበቁ ጥቂት ሴሎችን ያልፏቸዋል።

«አሁን እኮ አዲስ ምርመራ መጥቷል» የምትሉ ትኖራላችሁ፤ እውነት ነው። ፒኤስኤምኤ ፔት የሚባለው ምርመራ ከቀድሞዎቹ በእጅጉ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ በ302 ወንዶች ላይ የተደረገ የአውስትራሊያ ጥናት ትክክለኛነቱን 92 በመቶ አድርጎታል፤ የተለመዱት የሲቲና የአጥንት ስካን ምርመራዎች ግን 65 በመቶ ነበሩ። ይሁን እንጂ በ2021 ከካሊፎርኒያ የወጣ ሌላ ጥናት የዚህን ምርመራ ውጤት በቀዶ ሕክምና ከወጡት ዕጢዎች ጋር ሲያመሳክር፣ ዕጢያቸው ውስጥ ካንሰር ከነበረባቸው 10 ሰዎች ምርመራው ያገኘው የ4ቱን ያህል ብቻ ነበር። ስለዚህ ይህ ምርመራ «አለ» ካለ ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው፤ «የለም» ካለ ግን ዋስትና አድርጋችሁ አትያዙት። እስካሁን ከሁሉም የተሻለው ማረጋገጫ ዕጢዎቹን አውጥቶ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው።

በቀድሞው ጊዜ ቀዶ ሐኪሙ ሆዱን ከከፈተ በኋላ መጀመሪያ ዕጢዎቹን አውጥቶ፣ በሽተኛው እንደተኛ ናሙናው በበረዶ ደርቆ እዚያው ይመረመር ነበር። ካንሰር ከተገኘ ፕሮስቴቱ ሳይወጣ ሆዱ ይሰፋ ነበር። አሁን ይህ አሠራር በብዙ ቦታ ቀርቷል። አንደኛ፣ በችኮላ የሚደረገው ምርመራ ጥቃቅኑን ይስታል፤ ሁለተኛ፣ ካንሰሩ ዕጢ ጋ ደርሷል ማለት ፕሮስቴቱን ማውጣት ዋጋ የለውም ማለት እንዳልሆነ ታውቋል። በመሆኑም ቁርጡ የሚታወቀው ከቀናት በኋላ፣ የፓቶሎጂ ውጤቱ ተጽፎ ሲመጣ ነው።

«ጠራርገን ስለምናወጣው አትስጉ» የሚል አነጋገር ስሰማ አልወደውም። ዕጢዎቹን ማውጣት ራሱ ምን ያህል ይፈውሳል የሚለው ገና እያከራከረ ነው። በኒው ዮርክ 1,440 ያህል ወንዶች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ በጠባቡ፣ ግማሾቹ በሰፊው ዕጢዎቻቸው ወጥተውላቸው ነበር። በ2021 በታተመው ውጤት የካንሰሩ ምልክት በደም ውስጥ ተመልሶ በመታየቱ ረገድ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። የኋላው ክትትል ደግሞ ወደ ሩቅ አካል መሰራጨትን በተመለከተ ሰፊው እንደሚሻል አሳይቷል። ክርክሩ ይቀጥላል። የማያከራክረው ጥቅም ግን ማወቅ ነው፤ ካንሰሩ የት እንደደረሰ ማወቅ።

ይህ እውቀት ደግሞ በነጻ አይገኝም። የሊምፍ ፈሳሽ ዳሌ ውስጥ ሊጠራቀም፣ እግር ሊያብጥ፣ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚታዘዘው ሆድ ላይ የሚወጋ የደም ማቅጠኛ መርፌ ለዚህ ነው። ዋጋው ስለሚከብድና ስለሚያም «ቁስሉ ደርቋል» ብለው በመካከል የሚያቋርጡ ብዙ ናቸው። እባካችሁ የታዘዘላችሁን ቀን ጨርሱ። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ባት ካመመ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ስለዚህ ዕጢዎቹ ከሁሉም ሰው ላይ አይወጡም። ሐኪሞች የደም ምርመራውን (ፒኤስኤ)፣ የናሙናውን ውጤትና በዳሰሳ ወይም በኤምአርአይ የታየውን አንድ ላይ አስልተው ካንሰሩ ዕጢ ጋ የመድረሱን ዕድል ይገምታሉ። በአውሮፓ እንደሚጠቀሙበት የስሌት ዓይነት 5 ወይም 7 በመቶ ሲያልፍ ዕጢዎቹን ማውጣት ሲመከር ቆይቷል። ለእኔ ሙያ ቅርብ የሆነው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ፊናስቴራይድ ወይም ዱታስቴራይድ የሚባሉትን ለፕሮስቴት እብጠት የሚሰጡ መድኃኒቶች ለስድስት ወርና ከዚያ በላይ የወሰደ ሰው የፒኤስኤ ቁጥሩ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። 6 ተብሎ የተነበበው በእውነቱ 12 ሊሆን ይችላል ማለት ነው። አባቶቻችን ደግሞ የሽንት መድኃኒት መውሰዳቸውን መናገር ሐያእ ይይዛቸዋል፤ አንዳንዱ ከሚስቱም ይደብቃል። ሐኪሙ ይህን ካላወቀ ስሌቱ ከሥሩ ይሳሳታል፤ መውጣት የነበረባቸው ዕጢዎችም ሳይወጡ ይቀራሉ። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ካርቶኑን ይዛችሁ ሄዳችሁ አሳዩ፤ አፍ አውጥቶ ከመናገር ይቀላል።

ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱ ላይ ከሦስቱ አንዱ ይጻፋል። «ኤን ዜሮ» ማለት በታዩት ዕጢዎች ካንሰር አልተገኘም፤ «ኤን ዋን» ማለት ተገኝቷል። «ኤን ኤክስ» ማለት ደግሞ ዕጢ አልወጣም ወይም አልታየም ማለት ነው። ይህን የመጨረሻውን «ነጻ ነው» ብለው የሚያነቡ አሉ፤ ስሕተት ነው። ስንት ዕጢ እንደታየም ተመልከቱ። ከ18 ዕጢ ምንም አለመገኘቱና ከ2 ዕጢ ምንም አለመገኘቱ እኩል አያጽናኑም።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ዕጢያቸው ላይ ካንሰር የተገኘባቸውን 98 ወንዶች ተከታትሎ፣ የሆርሞን ሕክምናውን ወዲያው የጀመሩት በሽታው እስኪዛመት ከጠበቁት የተሻለ ዕድሜ እንዳገኙ አሳይቷል። ዛሬ ከጨረር ጋር ማጣመርም ሆነ ለአንዳንዱ በቅርብ እየተከታተሉ መጠበቅ አለ፤ ያንን ሐኪሙ ከበሽተኛው ጋር ይወስናል። በእኛ ቤት ግን ልጆች ተማክረው ወረቀቱን ይደብቁታል። የአባታቸውን የሆርሞን ክኒን ገዝተው «ቫይታሚን ነው በይልኝ» የሚሉኝ አሉ። ነገሩ ከፍቅር እንደሚመጣ ይገባኛል። ነገር ግን ሰውየው ላብ ሲያጠምቀው፣ ጡቱን ሲያመው፣ ስሜቱ ሲጠፋ ቫይታሚኑ አልተስማማኝም ብሎ ይተወዋል፤ የሚጠይቀውም የለም። የበሽታው ባለቤት እሱ ነው። ኑዛዜ የሚጽፈው፣ ዕዳውን የሚከፍለው፣ ሐጅ እንዳሰበ ከሆነ ቀኑን የሚቆርጠውም እሱ ነው።

ወደ ሕንድም ሆነ ወደ ሌላ አገር ሄዳችሁ የምትታከሙ፣ ከመመለሳችሁ በፊት የሕክምና ማጠቃለያውን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን የፓቶሎጂ ወረቀት ተቀበሉ። ከቀዶ ሕክምናው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ የመጀመሪያውን ፒኤስኤ አሠሩ፤ ፕሮስቴቱ ወጥቷልና ቁጥሩ በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ መውረድ አለበት። ካልወረደ ሁለቱን ወረቀቶች አንድ ላይ ይዛችሁ ወደ ካንሰር ሐኪም ሂዱ።